ሰው የለውም

በፋይናል ሰሞን የላይብረሪ ወንበር ከእንጀራም ከእንቅልፍም ይበልጣል። ጠዋት በሩ ሳይከፈት ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮ እስከ ቧንቧው ይደርሳል፤ በሩ ሲከፈት ደግሞ ያ ሁሉ ጨዋ የሰው ልጅ ትከሻውን አስቀድሞ ይገባና፣ አንዱ ወንበር ላይ ራሱ ተቀምጦ፣ ሌላው ላይ ደብተሩን፣ ሦስተኛው ላይ ሹራቡን ጥሎ ለጓደኞቹ ቦታ ይይዛል። ይህን ሕግ ማንም አላወጣውም፤ ማንም ግን አይሽረውም። ዘግይቶ የመጣ ሰው ጎንበስ ብሎ «ሰው አለው?» ይላል። ያዡ «አለው» ካለ፣ ጠያቂው ዓይኑ እንባ ቢያቀርርም ያልፋል። አሮጌ ሻርፕም ብትሆን፣ «ሰው አለው» ከተባለላት በቃ፣ እሷም ሰው ናት።

እናኑ፣ ወይንሸትና ኩለኒ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ አንድ ዶርም የሚያድሩ፣ ቦታም በተራ የሚይዙ ጓደኛሞች ነበሩ። ኩለኒ ሲጨንቃት የምትስቅ ልጅ ናት፤ ፈተና ሲቀርብ ሳቋ ኮሪደሩን ያልፋል። እናኑ በግቢው ቋንቋ «ሰቃይ» የሚሏት፣ ውጤት የምትሰቅለዋ ነበረች። ወይንሸት ግን የሁሉም እናት ነበረች ማለት ይቀላል። ከቤት የተላከላትን በሶ በጥብጣ ታጠጣቸዋለች፣ ካልሲያቸውን ሳይቀር ታጥብላቸዋለች፣ ሆድ የባሳት ካለችም ጭኗ ላይ አስተኝታ ፀጉሯን እየዳበሰች ታባብላለች። ስታቲስቲክስ ብቻ እንቢ አላት። ባለፈው ሴሚስተር ውጤቷ ወርዶ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል፤ በዚህ ፈተና ከወደቀች ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቤቷ ነው።

ስለዚህ እናኑ ታስረዳታለች። «ይቅርታ እናንዬ፣ አንዴ ብቻ ድገሚልኝ» ትላለች ወይንሸት። እናኑም ትደግማለች፤ በውስጧ ግን ገና ያልነካችው ምዕራፍ ይታያታል፣ «አንቺን ስጎትት እኔም ልወድቅ ነው» የሚል ነገር ጉሮሮዋ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። ክፉ ሰው ሆና አይደለም። ፈተና የማያወጣው የሰው ገመና የለም።

ነገሩ የሆነ ቀን ቦታ የመያዙ ተራ የእናኑ ነበር። ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ሳያባራ ይወርዳል፤ የምድር ቤቱ አዳራሽ እርጥብ ሹራብ፣ የቆየ ወረቀትና የወለል ሰም ይሸታል፤ መስኮቶቹ ከላይ ጠባብ ስለሆኑ ጠዋቱም ምሽት ይመስላል። እናኑ ከመደርደሪያዎቹ ሥር፣ ጥጉ ላይ ያለውን ጠረጴዛ ያዘች። ፊት ለፊቷ ያለው ወንበር ላይ የኩለኒን ደብተር፣ ጎኗ ያለው ላይ የወይንሸትን ቢጫ ሻርፕ አደረገች። ከዚያ ማንበብ ጀመረች። «ድገሚልኝ» የሚላት በሌለበት አንድ ምዕራፍ እስከ ግማሽ ዘለቀችና ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አፈረች።

«ሰው አለው?»

የእግር ኮቴ አልሰማችም። ቀና ሳትል የወንበሩን መደገፊያ የያዘ እጅ አየች፤ ልብስ ሲያጥብ የዋለ ሰው እጅ ይመስል የተጨማደደና የነጣ ነው። እናኑ «አለው» ልትል አፏን ከፈተች። እጇ ግን ቀድሟት ሄዶ ሻርፑን ከወንበሩ አነሳና ጭኗ ላይ አጣጠፈው።

«የለውም» አለች።

«ሰው የለውም?» አለች ልጅቱ፣ ቃል እንደሚያስምል ሰው ረጋ ብላ።

«አዎ፣ ማንም የላትም» አለች እናኑ። ስለ ወንበር ሳይሆን ስለ ሰው እንደሚባለው ሆኖ ነበር ከአፏ የወጣው። ምላሷን ነከሰች፤ ነገር ግን ልጅቱ ተቀምጣ ነበር። በዚያ አዳራሽ ወንበር ሳይጮህ ተስቦ አያውቅም። ይሄኛው አልጮኸም።

ወይንሸት ስትመጣ ፀጉሯ በዝናብ ርሷል፤ ለሦስቱም የሚበቃ ቆሎ በወረቀት ጠቅልላ በብብቷ ይዛለች።

«ያዝሽልኝ?» አለች በሹክሹክታ።

«ቀደሙኝ ወይኒዬ» አለች እናኑ፣ ጭኗ ላይ ያለውን ሻርፕ በደብተሯ ሸፍና።

ወይንሸት በእናኑ ጎን የተቀመጠችውን ልጅ አየቻት፣ እናኑን አየቻት፣ ከዚያ ፈገግ አለች። «ምን ታደርጊ! እኔ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። ብቻ አንቺ አንብቢ፤ እኛ ባንቺ ነው የምናልፈው።» ቆሎውን ጠረጴዛው ላይ ትታላት ሄደች። እናኑ ቆሎውን መልሳ ጠቅልላ ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋችው።

ጎኗ ያለችው ልጅ ገጽ አትገልጥም። መጽሐፍ ፊቷ ተዘርግቷል፣ አንገቷን ደፍታለች፣ ግን ከእሷ በኩል የወረቀት ድምፅ ይቅርና የትንፋሽ ድምፅ አይመጣም፤ ተዘግቶ የከረመ ክፍል ሲከፈት የሚወጣው ዓይነት ሽታ ብቻ ቀስ እያለ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ እናኑ አንድ ጥያቄ ላይ ተሰክታ እርሳሷን ስታኝክ፣ «መጀመሪያ አማካዩን ቀንሺለት» የሚል ሹክሹክታ ሰማች። ቀነሰችው። ጥያቄው እንደ ቅቤ ቀለጠላት። ከዚያ በኋላ ሌላ ጠየቀች፣ ሌላም ጠየቀች፣ ልጅቱም ሁሉንም አንድ ጊዜ ብቻ ተናግራ አስረዳቻት። ስሟን ልትጠይቃት እንኳ ትዝ አላላትም።

በዚያው ምሽት ዶርም ስትገባ፣ ኩለኒ ያልታጠበ ልብሷን ሁሉ የወይንሸት አልጋ ላይ ከምራው አገኘቻት።

«አንቺ፣ ወይኒ የት ትተኛ?» አለች እናኑ።

ኩለኒ አልጋውን አይታ፣ የረሳችውን ነገር ለማስታወስ እንደምትሞክር ግንባሯን ቋጠረች። «ውይ! ባዶ መስሎኝ» አለችና ሳቀች። ወይንሸትም ከበሩ ሥር ሆና ሳቀች። ከመጣች ቆይታ ነበር፤ ሁለቱም ስትገባ አላዩዋትም።

ካፌ ውስጥ ደግሞ ወጥ የሚጨልፈው ሰውዬ ከእናኑ ወደ ኩለኒ ይሻገራል፣ መሐል ላይ ሳህኗን ዘርግታ የቆመችውን ወይንሸትን ዘልሎ። መጀመሪያ ቀን ተሳሳቁበት። በሚቀጥለው ቀን ወይንሸት ሳህኗን ይዛ እንደገና ሰልፉ ጫፍ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ «አልራበኝም» ማለት ጀመረች። ኩለኒም ተራዋ ሲደርስ ሁለት ቦታ ብቻ ይዛ ትጠብቃለች፤ «የወይኒስ?» እናኑ ስትላት «ይኸው ተቀምጣለች» ብላ ወደ ጥጉ፣ ገጽ ወደማትገልጠው ልጅ ትጠቁማለች።

እናኑ ነገሩ ገብቷታል፤ አልገባኝም ብትል ውሸቷን ነው። የተናገረችውን ቃል ታስታውሳለች። ሻርፑንም ለመመለስ አፍራ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች፤ ልብሷን ልታወጣ ሳጥኑን በከፈተች ቁጥር ዓይኗን ወደ ሌላ ታዞራለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ልትናዘዝ ቆርጣ ቧንቧው ጋ ሄደች። ወይንሸት የእናኑን ሹራብ እያጠበች ነበር። አንዲት ተማሪ ባልዲዋን ይዛ መጥታ የወይንሸት እጆች ከቧንቧው ሥር እያሉ ባልዲዋን ደቀነችበትና ሞልታ ሄደች። ወይንሸት አልተቆጣችም፤ እጇን ብቻ ሰብሰብ አደረገች።

«እናንዬ» አለች፤ ድምፏ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስል ቀጥኗል። «እማዬ ደውላ ‹ትናንት ስናወራ ድምፅሽ እንዴት ደስ አለኝ፣ ጥናቱም ቀሎልሻል አሉ› አለችኝ። እኔ እኮ ትናንት አላናገርኳትም።»

እናኑ ዓይኗን ወደሚታጠበው ሹራቧ አዞረች።

«እኔ አለሁ አይደል?» አለች ወይንሸት፣ እየሳቀች ልትለው ሞክራ።

«አለሽ እንጂ! ምን ነካሽ? ጭንቀት ነው፣ እንቅልፍ አጥተሽ ነው» አለቻት እናኑ። የቀረው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ነገር ግን ብትነግራት ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች ማባበል ይመጣል፣ ማባበል ከመጣ ቀኑ ሄደ፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ ገና ነው። «ከፈተና በኋላ እነግራታለሁ» ብላ ለራሷ ማለች። ሹራቧን ተቀብላት ሄደች፤ ሹራቡ ንጹህ ታጥቦ ነበር።

ሕሊና ግን አያስነብብም። በፈተናው ዋዜማ ዓይኗ መስመር ላይ አልቆም ሲላት ተነሳች፤ ቦታውን አስለቅቃ ለወይንሸት ልትመልስ፣ ምንም ይምጣ ብላ ወደ ላይብረሪ ወረደች። እግሯ አዳራሹን ሲረግጥ መብራት ጠፋ። ተማሪው ሁሉ እንደ ልማዱ «ኡ!» አለ፤ ዝናቡ መስኮቶቹን ይደበድባል፤ ያ የተዘጋ ክፍል ሽታ ከጥጉ ተነስቶ እስከ በሩ ሞልቷል። እናኑ ወንበሮቹን በእጇ እየዳበሰች ሄደች። አንዱ ወንበር ቀዝቃዛ ነበር።

«ተነሺ» አለች። «ይሄ ቦታ ሰው አለው።»

«አለው እንጂ» አለ የወይንሸት ድምፅ። ከመቅጠኑ በፊት የነበረው፣ ሙሉው፣ ሞቅ ያለው ድምፅ ነበር። «አለሁበት አይደል?»

ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንዱ የስልኩን መብራት አበራና ብርሃኑ ሽው ብሎ አለፈ። በዚያች ቅጽበት እናኑ መጀመሪያ ያየችው ሻርፑን ነው፤ ቆልፋበት የነበረው ቢጫ ሻርፕ የልጅቱ አንገት ላይ ነበር። ከዚያ ፊቷን አየች። ዓይንም፣ አፍንጫም፣ አፍም በየቦታቸው አሉ፤ ግን ገና ቦታቸውን በመልመድ ላይ ያሉ ይመስላሉ። እናኑ ስታያቸው ትንሽ ተንቀሳቀሱና ይበልጥ ወይንሸትን መሰሉ። ብርሃኑ አለፈ።

«ይልቅ ያልገባሽን ጠይቂኝ» አለች በጨለማው። «ጊዜ የለሽም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ጮሆ ይሮጥ ነበር። እናኑም ልትሮጥ ዞራ ነበር። ግን የመጨረሻው ምዕራፍ አልገባትም፤ ጊዜም በእርግጥ አልነበራትም። ፈጣሪ ይቅር ይበላት፣ ተቀመጠችና ጠየቀች።

የፈተናው ጠዋት ዶርሙ ትርምስምሱ ወጥቷል፤ የወይንሸት አልጋ ላይ የሁለቱም ሻንጣና ልብስ ተቆልሏል። «ቀድማን ወጥታለች» አለች ኩለኒ። እናኑ ከቁልሉ ሥር ብርድ ልብሱ በስሱ ከፍ ዝቅ ሲል ያየች መሰላት፤ ሰዓቱ ረፍዶ ስለነበር ግን በሩን ሳብ አድርጋ ወጣች። የመፈተኛው አዳራሽ ውስጥ ያቺ ልጅ በእናኑ ቀኝ ተቀምጣለች። ኩለኒ ጉንጯን ሳማትና «ወይኒዬ፣ አይዞሽ ዛሬ ታልፊያለሽ» አለቻት።

ወረቀቱ ተገልብጦ ታድሎ ሊጀመር ሲል በሩ ተከፈተ። ወይንሸት ነበረች፤ ሮጣ መጥታ ታለከልካለች፣ ማለክለኳ ግን አይሰማም። ፈታኙ ጆሯቸውን አስጠግተው፣ ከግድግዳ ማዶ የሚያወራ ሰው እንደሚሰሙ ሆነው አዳመጧት። መታወቂያዋን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አዞሩት፤ ፎቶው በእርጥበት ደብዝዟል።

«ወይንሸት እኮ ገብታ ፈርማለች» አሉ። ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። «ይቺን ልጅ የሚያውቃት አለ? ወይንሸት የምትባለው የትኛዋ ናት?»

ኩለኒ ቀና ብላ በሩን አየችና፣ የማታውቀው ሰው እንዳየች ዓይኗን መለሰች። ሌላ የተነፈሰ የለም። እናኑ ተነሳች። ወይንሸት ስታያት ፊቷ በራ፤ ያን ሁሉ ቀን ደብዝዞ የነበረው ፊቷ ተመልሶ ጠቆር ያለ፣ ጉንጩ የሞላ፣ የራሷ ፊት ሆነ። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። እናኑም ቃሉን ታውቀዋለች፣ በልቧ ስትደግመው ነው የሰነበተችው። በቀኟ በኩል ግን ቀዝቃዛ ጣት እጇን ነካ አደረጋት፤ ያን ጊዜ ያጠናችው ሁሉ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ፣ ከጭንቅላቷ ቀስ እያለ ሊወጣ ሲነሳ ተሰማት።

«እሷ ናት» አለች እናኑ፣ ጎኗ ወደተቀመጠችው እያመለከተች።

ወይንሸት ለረጅም ጊዜ አየቻት። ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ቁጣ አልነበረም። ወደ ጎን የተዘረጋውን የእናኑን ጣት አየች፣ ገና ያልተገለበጠውን ወረቀቷን አየች፣ ከዚያ ወደ ፈታኙ ዞራ «ይቅርታ፣ በር ተሳስቼ ነው» አለቻቸው። ጓደኛዋ እንዳትረበሽ በሩን ሳታስጮኽ፣ ቀስ አድርጋ ከውጭ ዘጋችው።

እናኑ ተቀምጣ ወረቀቱን ገለበጠች፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ ታውቀዋለች።