ብርሃኑን የጋረደው

«እመቤት፣ ባይደክሙ ይሻል ነበር» አላት በሩ ላይ የቆመው ሳጅን። «ሰውዬው ፎቶ ሲያነሳ ወደ ኋላ ተራምዶ ከደረጃው ላይ ወደቀ። አደጋ ነው። የዓይን ምስክርም አለን።»

«ሬሳውን ቀረብ ብለህ አይተኸዋል?» አለችው ኢንስፔክተር ጀሊላ ወርታኒ።

«አልነካሁትም።»

«ካሜራውንስ?»

«ካሜራ ያው ካሜራ ነው።»

«ታዲያ አደጋ መሆኑን ማን ነገረህ? መላእክት?»

ሳጅኑ ፊቱ ቀላ። ጀሊላ መልሱን አልጠበቀችም፤ ቤቱን በጎን ዞራ ወደ ጓሮው ገባች። ሳያይ የሚፈርድ ሰው ያንገበግባታል፤ በዚያ እሑድ ማለዳ ደግሞ ገና ከቤቷ ስትወጣ ጀምሮ ተናዳ ነበር። የአርያና ከተማ የጽጌረዳ በዓሏን ልታከብር ሽር ጉድ የምትልበት ሳምንት ነው። መንገዱ ሁሉ በአበባ ሻጭ ተዘግቶ መኪናዋን ሩቅ አቁማ በእግሯ ነው የመጣችው።

ሟቹ ሰው ሁሉ በአክብሮት «ሲ ዙሃይር» የሚለው ዙሃይር ገርሳላህ ነው። ዕድሜውን በጋዜጣ ፎቶ አንሺነት ያሳለፈ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የአበባ ፎቶ አፍቃሪዎችን የሚያስተምር ጠይም ሽማግሌ። እሑድ እሑድ ጠዋት ጥቂት ሰዎች በዚህ ግቢ ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ በየአቅጣጫው ተበታትነው አበባ ያነሳሉ፤ ከዚያ ሳሎን ገብተው ፎቷቸውን በግድግዳው ላይ እያሳዩ የሲ ዙሃይርን አስተያየት ይቀበላሉ። አስተያየት ከተባለ ነው እንግዲህ። ጎረቤት የሚያውቀው ስድብ በሚለው ስሙ ነው።

አሁን ሲ ዙሃይር ከበረንዳው ወደ ታችኛው አትክልት ቦታ በሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ከራስ ቅሉ የፈሰሰው ደም የመጨረሻው ደረጃ ላይ ረግቷል። ካሜራው ደረቱ ላይ ነው። ጀሊላ አጎንብሳ ብዙ ቆየች። የሱሪው ሁለት ጉልበቶች በእርጥብ ጭቃ ተለውሰዋል፤ የጫማው ተረከዝ ግን ንጹሕ ነው። ቀና ብላ በረንዳውን አየች፤ ወለሉ የተወለወለ ሸክላ ነው፣ አቧራ እንኳ የለበትም። ከደረጃው ግርጌ አጠገብ ደግሞ በማለዳ ውኃ የጠጣ መደብ አለ፤ ሐምራዊ አይሪስ አበባ ሞልቶበታል።

«ምስክርህን አምጣልኝ» አለች።

የቤቱ ጌታ ዶክተር ሩሽዲ ለኽዋ መጣ። የጥርስ ሐኪም የነበረ፣ ጸጉሩ ነጭ፣ አነጋገሩ ለስላሳ፣ ሸሚዙ ገና ከካውያ የወጣ የሚመስል ሰው።

«እዚያ በረንዳው ላይ ነበርኩ» አላት። «ነጯን ጽጌረዳ ሳነሳ ቀና ስል አየሁት። ደረጃው አናት ላይ ቆሞ አበባ የወጣበትን የእንጨት ዳስ ሊያነሳ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄደ። ተረከዙ ሸሸ። ሮጥኩ፤ አልደረስኩም።» ዓይኑን በመሐረብ ነካ ነካ አደረገ።

«ጠብ ነበራችሁ?»

«እኔና ሲ ዙሃይር? በጭራሽ! ሌሎቹን ያቃጥላቸው ነበር፤ አልዋሽም። እኔን ግን አንድም ቀን ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም። ፎቶዬን አይቶ ‹ጥሩ ነው፤ ቀጥሎ› ነው የሚለኝ። የጽጌረዳው በዓል ኤግዚቢሽን ላይም አንድ ሥራዬ ይሰቀላል።»

ጀሊላ አመስግና ለቀቀችው።

ሁለተኛዋ ሐሲባ ሽልቢ ነበረች፤ የቀድሞ ርእሰ መምህርት። ከሎሚ ዛፎቹ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ ልቅሶዋም ቁጣ ነው።

«ጠላሁት! ልጄ፣ በደንብ ስሚኝ፤ እጠላው ነበር!»

«ምን አደረገዎት?»

«ምን ያላደረገኝ አለ? ያነሳሁትን ቀይ ጽጌረዳ ሰው ፊት እያሳየ፣ ‹ሐሲባ፣ አበቦቹን እንደ ተማሪ መሐል ላይ በሰልፍ አቆምሻቸው፤ መዝሙር ሊዘምሩልሽ ነው?› አይለኝም? ሰው ሁሉ ሳቀ። ቤቴ ገብቼ ካሜራውን አልጋ ላይ ወረወርኩት።»

«ከዚያስ?»

ሐሲባ አፍንጫዋን ጠረገች። «ከዚያማ ... በሚቀጥለው እሑድ አበባዋን ወደ ጥግ አደረግኳት። ጸሐይ በጎን ገባችላት። ይኼ አፈ መርዝ ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው ያቃጠለኝ!»

ጀሊላ የሟቹን ካሜራ አሳየቻት። «ስለ ፎቶ ምንም አላውቅም። ይኼ ሌንስ ለምን ያገለግላል?»

«ለቅርብ ነው። በአፍንጫሽ አበባውን እስክትነኪ ትጠጊያለሽ፤ የጉንዳን እግር ያሳያል።»

«ዳሱን በሙሉ ላነሳበት ብፈልግስ?»

«አብደሻል? አንድ ቅጠል ብቻ ነው የምታገኚው።»

«ጠዋት ሲ ዙሃይር ሲጮህ ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም። ደግሞ እሱ ዝም ያለበት እሑድ! ብርሃኑን ለአፍታ ከጋረድሽበት እኮ ሰባት ቤት ዘመድሽን ነው የሚረግመው። ባለፈው ጥላዬ አበባው ላይ ቢያርፍ ‹ዞር በይ፣ አንቺ ግርዶሽ!› ብሎኝ የጎረቤት ውሻ ሁሉ ጮኸ።»

ሦስተኛው አኒስ ገና ከሩቅ እየጮኸ መጣ። ኬክ ቤት አለው፤ ወፍራምና ላብ በላብ የሆነ ጎልማሳ ነው።

«እኔን ነው የምትጠረጥሪኝ፣ አይደል? ጠርጥሪኝ! ባለፈው እሑድ ‹እገልሃለሁ› ብዬዋለሁ። ሁሉም ሰምቷል።»

«ለምን?»

«ፎቶዬን አየና ‹አኒስ፣ ይህን ቀለም አምላክም አያውቀው። አበባ ላክልኝ ብልህ ክሬም የደፋህበት ኬክ ላክህልኝ› አለኝ። ሙያዬን! የአባቴን ሙያ!» ጠረጴዛ ያለ ይመስል አየሩን ደበደበ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ቀለሙን ቀነስኩት። ዛሬ ላሳየው ነበር። አሁን ለማን ነው የማሳየው? ንገሪኝ እንጂ!»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ከአጥሩ ወዲያ፣ ገንዳው ጋ። አላየሁትም። ድምፁንም አልሰማሁም።»

ካሜራውን ሰጠችው። «መጨረሻ ያነሳቸውን አሳየኝ።»

አኒስ በወፍራም ጣቱ ቁልፉን ነካ። የአንድ አይሪስ ውስጠኛ ጉሮሮ ታየ፤ ቢጫው የበራ ይመስላል። ቀጣዩና የመጨረሻው ያው አበባ ነው፤ ግን ደብዝዟል፤ ከላይ የወረደ ጥቁር ጥላ ግማሹን ውጦታል።

«ደመና ነው?» አለች ጀሊላ።

«ዛሬ? ሰማዩን እይው! ሰው ነው። ሰው ቆሞበት ነው።» አኒስ ራሱ የተናገረውን ሰምቶ ካሜራውን ሊጥለው ምንም አልቀረው።

ጀሊላ ቤቱን ልትዞር ሄደች። የኩሽናው በር አጠገብ፣ ከቧንቧው ጎን፣ የካሜራ መቆሚያ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ሦስቱም እግሮቹ ውኃ ያንጠባጥባሉ። ውስጥ የዶክተሩ ሚስት፣ ሰው በአክብሮት «ላላ» የሚላት ባሂጃ፣ ለእንግዶች ያፈላችው የናና ሻይ ቀዝቅዞ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል።

«ይህ መቆሚያ የማን ነው፣ ላላ ባሂጃ?»

«የባለቤቴ» አለች ሴትዮዋ። ከዚያ መቆሚያውን አየችው። እርጥበቱን አየችው። ፊቷ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ሸሸ። ጀሊላም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀቻትም።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሳጅኑ በሩን ዘግቶ ቆመ። አኒስ ካሜራውን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘ፤ ያ የበራ አይሪስ ግድግዳውን ሞላ። ሐሲባ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሲ ዙሃይር ከደረጃ አልወደቀም» አለች ጀሊላ። «ካሜራው ላይ የነበረው ሌንስ የቅርብ ነው። በዚያ ሌንስ ዳስ የሚያነሳ የለም፤ ወደ ኋላ የሚራመድም የለም። ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ በረንዳው ግን ደረቅ ሸክላ ነው። ይህ አበባ የሚገኘው ከደረጃው በታች ብቻ ነው። ሰውዬው ታች፣ መደቡ ውስጥ ተንበርክኮ ነበር። ተንበርክኮ ያለ ሰው ከየት ይወድቃል? መትቶት ወደ ደረጃው ያጋደመው ሰው አለ።»

«እንግዲህ ተሳስቼ ይሆናላ» አለ ዶክተር ሩሽዲ በለስላሳ ድምፁ። «ደንግጬ ነበር።»

«ተረከዙ ሲሸሽ አይቻለሁ ብለውኛል። ድንጋጤ ያዩትን ያስረሳል፤ ያላዩትን ግን አያሳይም።» ወደ አኒስ ዞረች። «ቀጣዩን።»

የጠቆረው አይሪስ ወጣ።

«እነሆ ገዳዩ። ከኋላው መጥቶ ብርሃኑ ላይ ቆመ። አሁን ሁላችሁንም ልጠይቃችሁ፤ ሲ ዙሃይር ብርሃኑን የጋረደበትን ሰው ምን ያደርገዋል?»

«ይሰድበዋል» አለች ሐሲባ።

«አገር እስኪሰማ» አለ አኒስ።

«ሁለታችሁም ድምፁ የሚደርስበት ቅርበት ላይ ነበራችሁ። አልሰማችሁም። ስለዚህ ብርሃኑ ላይ የቆመችው ሐሲባ አይደለችም፤ ብትሆን ግርዶሽ ትባል ነበር። አኒስም አይደለም። የቆመበት ምን ቢያደርግ ሲ ዙሃይር የማይቆጣው ሰው ነው። በዚህ ማኅበር እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ራሱ ነገረኝ።»

የጀሊላ ድምፅ ከፍ አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ የያዘችው ቁጣ አሁን አቅጣጫ አገኘ።

«ዶክተር፣ በረንዳ ላይ ነበርኩ አሉኝ። ሸክላ ላይ የቆመ መቆሚያ ምን አገኘውና ታጠበ? ጭቃ አልነካውም ካሉ፣ ምን ነበር ያጠቡት?»

ዶክተሩ አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ለስላሳው ሰው የለም።

«ዓመታት!» ብሎ ጮኸ። «እነዚህን ይሰድባል፣ ያርማል፣ ፎቷቸው ላይ እየተንጠለጠለ ይከራከራል! የእኔን ግን ለማየት ዓይኑን እንኳ አያጠብብም። ‹ጥሩ ነው፤ ቀጥሎ!› ለለማኝ ፍራንክ እንደሚጥል ሰው! ለስድብ እንኳ አልበቃሁም? ዛሬ ሄጄ ለመንኩት። ‹ከኤግዚቢሽኑ በፊት እውነቱን ንገረኝ፣ ነጯ ጽጌረዳዬ ምን ጎደላት?› አልኩት። ካሜራውን ከዓይኑ ሳያነሳ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ ‹ጥሩ ናት፣ ሲ ሩሽዲ፣ ጥሩ ናት› አለኝ። መቆሚያው ትከሻዬ ላይ ነበር። ከዚያ ... እጄ ላይ ነበር።»

«እኔ ነኝ።»

የተናገረችው ላላ ባሂጃ ናት። ቆማለች።

«አንቺ ምን?» አለ ባሏ።

«ዝም ያስባልኩት እኔ ነኝ። ልብህን ከፍተው ሲያክሙህ ሐኪሙ ምን አለኝ? ንዴት እንዳይነካው አለኝ። ሲ ዙሃይር ቤት ሄጄ እጁን ሳምኩት። ‹ሌላውን እንደፈለግህ፤ የኔን ሰው ግን እባክህ አትናገርብኝ› አልኩት። ‹ይህ ውሸት ነው፣ ላላ ባሂጃ፣ ከስድብ ይከፋል› አለኝ። አለቀስኩበት። ቃል ገባልኝ።» ድምፏ ተሰበረ፤ ወዲያው ግን መልሶ ጠነከረ። «ባለፈው ሳምንት መጥቶ ‹ከቃሌ ፍቺኝ፤ ይህ ሰው መማር ይችላል፤ ስለ ነጯ ጽጌረዳ አንድ ነገር ልንገረው› ብሎ ለመነኝ። የሚልህንም ነገረኝ። እምቢ አልኩት። የአንተን ልብ ስጠብቅ የእሱን ራስ አስቀጠቀጥኩ!»

«እንዲያ ከሆነ የገደልሽው አንቺ ነሽ!» አለ ዶክተሩ።

«አይደለሁም!» ጩኸቷ የሻዩን ብርጭቆዎች አንቀጫቀጨ። «እኔ ዋሸሁ። የገደልከው አንተ ነህ፤ በገዛ እጅህ፣ ከኋላው፣ ተንበርክኮ ሳለ! የኔን ኃጢአት ለራሴ ተውልኝና የራስህን ተሸከም!»

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዶክተሩ ቆመ፤ ገፉት፤ አልሄድም አለ።

«ባሂጃ» አለ፤ ቁጣው ጠፍቶ ልመና ሆኗል። «ስለ ጽጌረዳዋ ምን ነበር ሊለኝ የፈለገው?»

ሁሉም ወደ እሷ አዩ። ሐሲባ እንኳ ልቅሶዋን አቆመች። ላላ ባሂጃ ባሏን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ መልሱ ምላሷ ላይ እንዳለ ሁሉም አዩ። ከዚያ ሻሿን አጠበቀች፣ በአጠገቡ አልፋ ወጣች፣ የሲ ዙሃይር እህት ቤት ለቅሶ ልትደርስ መንገዱን ያዘች። ያስገቧት፣ አያስገቧት አታውቅም ነበር።

በፍርድ ቤትም፣ ብይኑ ከተነበበ በኋላ፣ ባሏ ከተከሳሾች አጥር ውስጥ ሆኖ ያንኑ ጠየቃት። ሰምታዋለች፤ ጀሊላ አጠገቧ ስለነበረች ሰውነቷ ሲጠነክር አይታለች። ላላ ባሂጃ ግን ዞር ብላ እንኳ ሳታየው ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።