የሚያፈላ ሞተር

«ከተጠየቅሽ አላውቅም በይ። ኸላስ!» አለ ሰዒድ፣ የጠርሙሱን ፈሳሽ ወደ ራዲያተሩ አንጠፍጥፎ ሲጨርስ።

ሂባ የእናቷን ወንድም አየችው። መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር ካለው ቤታቸው ደጃፍ የቆመው ነጭ ሚኒቫን እንዲህ ታጥቦ አያውቅም። ሞተሩ ሳይቀር ያብለጨልጫል።

«ምኑን ነው የማላውቀው?»

«ማፍላቱን ነዋ! ይቺ መድኃኒት ለዛሬ ቀጥ አድርጋ ትይዘዋለች።»

«ኻሊ፣ ሰውየው መንገድ ላይ ቢቀርስ?»

«መኪና ገበያ ላይ ማን ለማን ይነግራል? ገዢ ዓይን አለው፣ ይይ።»

ሂባ ወደ አባቷ ወደ ፈድሉ ዞረች። ቀና ብሎ አላያትም።

መኪናውን ከሐራጅ የገዛው ጅዳ ወደብ ላይ ጭነት ያወርድ በነበረ ጊዜ፣ እሷ ሳትወለድ ነው። ታናሽ ወንድሟ አማር ከጅዳ ወደ መካ ሲመጡ፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ፣ የኋላው ወንበር ላይ ተወለደ። ሚኒቫኑ ለዓመታት ዘይት ከማስቀየር በቀር አላስቸገራቸውም። ኋላ ግን ራዲያተሩ ውኃ መጨረስ ጀመረ፤ ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት ሲነሣ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ መትፋት አመጣ። መካኒኩ ውኃው ወደ ሞተሩ እንዳይገባ የሚያግደው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል አላቸው። «ሞተሩ ሳይወርድ አይሠራም።» አባቷ ዛሬ ነገ ሲል መኪናው በረመዳን ጅዳ መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ጥላ የሚባል ነገር አልነበረም። አማርን በፀሐዩ አስመለሰው፤ ከዚያ ዓይኑ ተከደነ። ሂባ ፊቱ ላይ ውኃ ደጋግማ ስትረጭበት ነው የነቃው።

ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ገዢው መጡ። ሂባ ስታያቸው ክው አለች፤ የክፍል ጓደኛዋ የዓኢሻ አባት ኢስማኢል ናቸው።

«የዓኢሻን እናት ሕክምና ለማመላለስ ነው» አሉ፣ ፈድሉን እየጨበጡ። «ቀጠሮዋ ሁሉ ጅዳ ሆነብን።»

ሰዒድ ኤሲውን ሳይከፍት ሞተሩን አስነሣ። ድምፁ ጸጥ ያለ ነው። ኢስማኢል ጎንበስ ብለው አዳመጡ።

«አይሞቅም አይደል?»

«ወላሂ—»

«አትማል!» ጮኸች ሂባ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ወደ ኢስማኢል ቀረበች።

«ዐሚ፣ ያፈላል። ኤሲውን ከፍተው ጅዳ መንገድ ይውጡበት፤ ያዩታል። ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል።»

«ተዋት፣ ልጅ ናት! ስለ ሞተር ምን ታውቃለች?» አለ ሰዒድ እየሳቀ።

«መንገድ ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ! አንተ አልነበርክም።»

ኢስማኢል ወደ አባቷ ዞሩ። «ፈድሉ፣ እውነት ነው?»

አባቷ ቀና ብሎ አያቸው። «እውነት ነው።»

«እኔንም ልታታልል?» አሉ ኢስማኢል ቀስ ብለው። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ ሄዱ።

ሰዒድ ሞተሩን አጠፋና በሩን በኃይል ዘጋው። «ይህች ልጅ ይቅርታ ካልጠየቀችኝ እዚህ ቤት አልረግጥም!»

«ሂባ» አለ አባቷ በለሆሳስ። «ታላቅሽ ነው። ጠይቂው።»

ሂባ ወደ አጎቷ ተጠጋች። «ስለጮኽኩብህ አፉ በለኝ፣ ኻሊ።»

ሰዒድ ቀሪውን ጠበቀ።

«ስለተናገርኩት ግን አልጠይቅም።»

አጎቷ እያጉረመረመ ወደ መንገዱ ወጣ። አልተከተለችውም።

«አሁን ደስ አለሽ?» አለ አባቷ።

«አላለኝም» አለች። ዓኢሻን ነገ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደምታያት እንኳ አታውቅም። «ሌላ ገዢ ሲመጣም ግን እነግረዋለሁ፣ አባ።»

ፈድሉ ወደ በሩ ዞረ። «ግቢ በቃ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሂባ አልገባችም። ጀርባዋን ለመኪናው ሰጥታ እንደ ዘበኛ እዚያው ቆመች።