ከፎቶው የቀረ ሰው ቦታ

ይህን ታሪክ ማንም አልነገረኝም። የደረሰው በራሴ ቤት፣ በራሴ ሚስት ላይ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ "ሂድ ወዲያ!" ብዬ እስቅበት ነበር።

ወሩ ጥቅምት ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም። ቦታው ቶኪዮ፣ የአሮጌ መጻሕፍት ሱቆች የተደረደሩበት ጂምቦቾ።

ፀሐይ ነበረች። መንገዱም በሰው ተሞልቶ ነበር።

ጨለማ ቢሆን ይሻለኝ ነበር...

ኩራሞቺ እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ሊፍት ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ሌላውን ሰው ወደ ላይ እያወጣሁ እኔ ከሊፍቱ ጉድጓድ ሳልወጣ አረጀሁ። ዓለምን ያየሁት በፎቶግራፍ መጻሕፍት ነው።

የድልድይ መጽሐፍ አለኝ። የባዘኑ ውሾች አለኝ። የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች ጭስ ማውጫዎች፣ የዓሣ አጥማጆች እጅ፣ ልጅ የማይጫወትባቸው መጫወቻ ሜዳዎች...

ሰው "ይሄ ሁሉ ምን ያደርግልሃል?" ይለኛል። እኔ ስለ ውሻ ምንም ግድ የለኝም። ግን አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ውሻ ሲያይ ኖሮ ያየውን ሁሉ እጄ ላይ ሲያስቀምጥልኝ፣ ለአንድ ሰዓት በእሱ ዓይን አያለሁ። ከዚያ የድልድዩን ሰው ዓይን እዋሳለሁ። ከዚያ የሌላውን። አንዴ ይህን የቀመሰ ሰው አይተወውም።

ባለቤቴ ፉሚኤ ትቀልድብኝ ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ወለሉ ተደርምሶ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ሾርባ ውስጥ ትወድቃለህ።"

"መጽሐፎቼን አቅፌ ነው የምወድቀው።"

"እኔንስ?"

"አንቺንማ በአንገቴ አንጠልጥዬ!"

እንዲህ ነበርን። ልጅ የለንም። ለእኔ ያለችኝ እሷ ብቻ ነበረች። ይህን ያዙልኝ።

የዚያን ቀን ሽማግሌው ሻጭ ኢሶጋይ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሃያ ዓመት ደንበኛው ስሆን በር ላይ ቆሞ ጠብቆኝ አያውቅም።

"ኩራሞቺ ሳን... ለእርስዎ ያስቀመጥኩት አለ።"

"ሳን" የአክብሮት መጠሪያችን ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። ሱቁ ውስጥ ግን ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም።

መጽሐፉ ቀጭን ነው። ልባሱ ግራጫ ጨርቅ። ርዕስ የለውም። ወገቡ ላይ እንደ መቀነት የሚዞረው ወረቀት እንኳ አልተቀደደም። እኔን መሰል ሰው እንዲህ ያለውን ሲያይ ልቡ ይደነግጣል።

"ከየት መጣ?"

"ከሟች ቤት። ብቻውን ነበር የሚኖረው..."

"እሺ?"

"ጎረቤቶቹ ግን ሚስት ነበረችው ይላሉ። የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም።"

ከፈትኩት።

የተራራ መንደር ነው። በየዓመቱ በመጸው በዓል፣ የመንደሩ ሰዎች በቤተ መቅደሱ ደረጃ ላይ ተሰልፈው ፎቶ ይነሳሉ። እያንዳንዱ ገጽ አንድ ዓመት። ከላይ፣ በቀኝ ጥግ፣ ክብ አለ። በክቡ ውስጥ አንድ ፊት።

ይሄ እኛ ዘንድ ደንብ ነው። የቡድን ፎቶ በሚነሳበት ቀን የቀረ ሰው አይረሳም። ፊቱ ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ ጥግ ላይ፣ በክብ ይገባል። እኔ ራሴ አንደኛ ደረጃ ስጨርስ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ ቀርቼ፣ በክብ ነው የወጣሁት። ፉሚኤ ያንን ፎቶ ባየች ቁጥር "ሟች ትመስላለህ!" እያለች በሳቅ ትንፈራፈራለች።

ስለዚህ መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም።

ሁለተኛውን ገጽ ገለጥኩ። አምና በክቡ ውስጥ የነበረው ሰውዬ ዘንድሮ ሰልፉ ውስጥ የለም። የሚቆምበት ቦታ ክፍት ነው። ሌላ ሰው ክቡ ውስጥ ገብቷል።

ሦስተኛውን ገለጥኩ። እንደዚያው።

ወደ ክቡ የወጣ ሰው አይመለስም።

ሰልፉ እየሳሳ ሄደ። ክፍት ቦታውን ግን ማንም ተጠጋግቶ አልሞላውም። ሁሉም እየሳቁ፣ የጠፋውን ሰው ስፋት ያህል ትተው ቆመዋል...

የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረጃው ብቻ ቀረ። አንድም ሰው የለም።

በክቡ ውስጥ ፉሚኤ ነበረች።

የእኔ ፉሚኤ። ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች። የሹራቡ አንገት ቢጫ ነው።

ኢሶጋይ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ አየ።

"ሞላ..." አለ።

"ምኑ?"

"ትናንት ሳየው ክቡ ባዶ ነበር።"

ሂሳብ አልተቀበለኝም። "ይውሰዱት። እባክዎ፣ ከዚህ ይውሰዱልኝ" ብሎ በሩን ዘጋ። በጠራራ ፀሐይ!

ቤት ስደርስ ፉሚኤ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች።

ሰማያዊ ሹራብ።

አንገቱ ገና አልተጀመረም።

"አንገቱን..." አልኩ፣ "በምን ቀለም ልታደርጊው ነው?"

ቀና ብላ አየችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቄያት አላውቅም።

"ደግሞ ዛሬ ምን ነካህ? አልወሰንኩም። ቢጫ ይመስለኛል። ምነው?"

"ምንም።"

ቢጫው ክር ቅርጫቷ ውስጥ አልነበረም። በማግስቱ ገዝታ መጣች።

አልነገርኳትም። ምን ብዬ? ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ ምግብም አልበላ አለኝ። መጽሐፉን ዘግቼ ከድልድዮቹ መጽሐፍ ኋላ ደበቅኩት። ልጥለው አስቤ ነበር። መጽሐፍ መጣል ግን በሕይወቴ አላውቅበትም።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

የእኛም ሰፈር የመጸው በዓል ቀርቧል። ከበዓሉ በኋላ የሰፈሩ ማኅበር በቤተ መቅደሱ ደረጃ ላይ ተሰልፎ ፎቶ ይነሳል። ፉሚኤ ቀርታ አታውቅም። የሩዝ ጥቅልሉን የምታድለው እሷ ናት።

አሰብኩ። የመንደሩ ሰዎች የጠፉት ፎቶ እየተነሱ ነው። ፎቶ ካልተነሳች ማንም አይነካትም። ካሜራው ካላያት፣ ክብ ውስጥ የሚገባ ምስል ከየት ይመጣል?

ይህን ነው ያሰብኩት። በዚህ ነው የተማመንኩት።

በበዓሉ ቀን ዋሸኋት።

"ዛሬ በፖስታ የሚመጣ መጽሐፍ አለ። ሰው ከሌለ ይመልሱታል። ቤት ጠብቂልኝ። እኔ ሄጄ ቤታችንን ወክዬ ፎቶ እነሳለሁ።"

"መጽሐፍህ ከበዓሉ በለጠ?"

"ለዛሬ ብቻ።"

"ከእኔም በልጦ ነው እኮ!" ሳቀች። ግን ከፍቷታል፣ አውቃለሁ። ሩዙን ጠቅልላ ጨርሳ ነበር። "እሺ፣ ውሰድላቸው። ደግሞ ዓይንህን ጨፍነህ እንዳትነሳ።"

ሹራቡ ጭኗ ላይ ነበር። አንገቱን ልትጨርስ ጥቂት ቀርቷታል።

ከእሷ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይሄው ነው። ዓይንህን ጨፍነህ እንዳትነሳ።

ደረጃው ላይ ተሰለፍን። ካሜራው በባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ቆሟል። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እግዜር ያሳያችሁ! አተረፍኳት ብዬ ከሰፈሩ ልጆች ጋር እቀልዳለሁ።

ከጎኔ አንድ ሰው የሚያህል ክፍት ቦታ አለ። የፉሚኤ ቦታ።

"ጠጋ በሉ እንጂ" አልኩ።

ማንም አልተጠጋም። ሁሉም ወደ ካሜራው እያዩ ይስቃሉ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኒሺዋኪ ከፊት ዞር ብሎ አየኝ።

"ፉሚኤ ሳንስ?"

"ቤት ናት። አልተመቻትም።"

"አይ፣ ግድ የለም" አለ፣ በደግነት። "እንደ ደንባችን ከላይ ጥጉ ላይ፣ በክብ እናስገባታለን።"

ካሜራው ቀጭ አለ።

የትምህርት ቤት ሕፃን የሚያውቀውን ነገር እኔ ሽማግሌው ረስቼው ነበር። ክቡ ፎቶ ለተነሳ ሰው አይደለም። ክቡ የቀረ ሰው ቦታ ነው።

ያስቀረኋት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሮጥኩ። ጫማዬ ወልቆ መንገድ ላይ ቀረ። የቤታችንን ደረጃ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

"ፉሚኤ!"

ውሃው ምድጃው ላይ ይፈላል። ጫማዎቿ በሩ ሥር፣ እንደ ልማዷ አፍንጫቸው ወደ ውጭ ዞሮ ተቀምጠዋል። ሻይዋ አልቀዘቀዘም። የሹራብ መርፌዎቹ ባዶአቸውን ወለሉ ላይ አሉ። ሹራቡ የለም።

ጠረጴዛው ላይ አንድ የፖስታ ጥቅል ነበር።

እኔ ምንም መጽሐፍ አላዘዝኩም... የሚመጣ ነገር አልነበረም። ውሸት ነበር እኮ!

ጥቅሉን ስቀደው የበረዶ መጽሐፍ ነው። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሜዳ። ከላይ፣ በቀኝ ጥግ፣ በክብ ውስጥ... ፉሚኤ። ሰማያዊ ሹራብ፣ ቢጫ አንገት። ፊት ለፊት ታየኛለች። ልትናገር ስትል የተቆረጠች ትመስላለች።

ፖሊስ መጣ፤ ጠየቀ፤ ሄደ። ጎረቤት ፈለገ፤ ደከመው። ከሳምንታት በኋላ ኒሺዋኪ የበዓሉን ፎቶ አመጣልኝ። እሷ ክቡ ውስጥ ናት።

"ይህን ምስሏን ማን ሰጠዎት?" አልኩት።

ግራ ገባው።

"እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

ግራጫውን መጽሐፍ አውጥቼ ከፈትኩት። የመጨረሻው ገጽ ላይ ክቡ እንደገና ባዶ ሆኗል።

የበረዶውን መጽሐፍ ግን በማግስቱ ስከፍተው በረዶ ብቻ ነው። ፉሚኤ የለችም። አበድኩ ብዬ ወደ ጂምቦቾ ሮጬ ያገኘሁትን የመጀመሪያ መጽሐፍ ገዛሁ። መርከብ የሚመሩ የመብራት ማማዎች መጽሐፍ ነበር። ሰው የሌለበት ባሕር፣ ከላይ ጥጉ ላይ ክብ... እሷ!

መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አላፊው ያየኛል። ይየኝ።

አዲስ ያገኘሁት መጽሐፍ ሁሉ ውስጥ አለች። አንዴ ብቻ። ከዘጋሁት ትጠፋለች።

ስለዚህ እገዛለሁ። የፈረስ ኮርቻ፣ የፋብሪካ በር፣ የተጣሉ ጓንቶች፣ ምንም ይሁን። ኢሶጋይ አሁን ቀና ብሎ አያየኝም። ድሮ የሌላ ሰው ዓይን ለመዋስ ነበር የምሰበስበው። ዛሬ ድልድዩንም ውሻውንም አላይም። የማየው ጥጉን ብቻ ነው።

ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ።

በየመጽሐፉ ፊቷ ጥቂት ይዞራል።

መጀመሪያ አንድ ጆሮዋ ጠፋ። ከዚያ አንድ ዓይኗ። ከዚያ ጉንጯ ብቻ ቀረ። ከኋላዋ የሆነ ነገር እያየች ነው። እኔ በገዛሁ ቁጥር እሷ ከእኔ ትዞራለች። አውቀዋለሁ። ባልገዛ ደግሞ አላያትም። አንድ ወር ሙሉ ልታገስ ሞከርኩ። አልቻልኩም።

ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ መጽሐፍ ከፈትኩ። የአሮጌ ሊፍቶች ፎቶ ነው። የታተመው እኔና ፉሚኤ ገና ሳንተዋወቅ።

ክቡ ውስጥ ፊቷ የለም። ጀርባዋም የለም። ራቅ ያለ ደረጃ ብቻ ይታያል።

አጉሊ መነጽሬን አነሳሁ።

ደረጃው ላይ ሰዎች ተሰልፈዋል። የተራራው መንደር ሰዎች ናቸው፤ አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። መካከላቸው ፉሚኤ ቆማለች። ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ ትስቃለች። ከልቧ ነው የምትስቀው፤ ሩዝ ስታድል እንደምትስቀው።

ከጎኗ አንድ ሰው የሚያህል ክፍት ቦታ አለ።

ከሰልፉ በላይ፣ በቀኝ ጥግ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ሌላ ክብ አለች። በመነጽሩ ተጠጋሁ...

እኔ ነኝ።

የለበስኩት ግራጫ ሸሚዝ ነው። ከላይ ያለው ቁልፍ የለም። ያ ቁልፍ የተበጠሰው ዛሬ ጠዋት ነው።

ዓይኖቼ ተጨፍነዋል።