የአንድ ወገን ጉንፋን

ሱአድ ለመጻፍ ስታጎነብስ ጠብታው እንደገና ደብተሯ ላይ ወረደና ቀለሙን በተነው። በሻርፗ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። ከጎኗ የተቀመጠችው የክፍል ጓደኛዋ ፌኔት አየቻት። ማስነጠስ የለ፣ ሳል የለ፤ ከቀኝ አፍንጫዋ ብቻ እንደ ውሃ የጠራ ነገር ጠብ ይላል።

«ጉንፋን ነው አልኩሽ እኮ» አለች ሱአድ፣ ሳትጠየቅ።

ሁለቱም ግን ከዘጠኝ ቀን በፊት የሆነውን ያውቃሉ። የፌኔት አባት፣ አቶ ሞረዳ፣ የግብርና ባለሙያ ናቸው። ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወጡበት ሞተር የመሥሪያ ቤታቸው ንብረት ነው። እሁድ ጠዋት እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ፌኔት ሞተሩን ከግቢ አስወጣች። ሱአድን ከኋላ አስቀምጣ በቡርቃ ጃቶ ሰፈር የኮረት መንገድ ጥቂት እንደነዳች አንዲት ፍየል ዘላ ገባችባቸው። ፌኔት ፍሬን ያዘች። የእሷ ክርን ብቻ ተላጠ። ሱአድ ግን በግንባሯ ድንጋይ ላይ ወደቀች፤ ፌኔት ስሟን እየደጋገመች ብትጠራትም ለጥቂት ጊዜ አልመለሰችላትም። ስትነቃ መጀመሪያ የተናገረችው፣ «ለማንም እንዳትነግሪ። አባትሽን ከሥራ ያባርሯቸዋል» የሚል ነበር። ለእናቷ ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ነው አለቻቸው።

ጠብታው ደብተሩን ባበላሸበት ቀን፣ ከባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ በኋላ፣ ፌኔት ከጎጃም ተመድበው የመጡትን መምህር ጫንያለውን በረንዳው ላይ ጠበቀቻቸው። ስልክ ላይ ያነበበችው አስመስላ፣ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው አፍንጫው ውሃ ሊያፈስ ይችል እንደሆነ ጠየቀች። መምህሩ ጥያቄው ደስ አላቸው። አንጎል በጠራ ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፎ እንደሚኖር፣ ፈሳሹ ቀንና ሌሊት እየተመረተ በአንጎልና በጀርባ አጥንት ውስጥ እንደሚዘዋወር፣ ከዚያም ወደ ደም እንደሚመለስ አስረዷት። አጥንቱ ከተሰነጠቀ ግን መንገዱን ስቶ በአፍንጫ ወይም በጆሮ ይወጣል።

«ክፋቱ መውጣቱ ብቻ አይደለም» አሉ። «ፈሳሹ በወጣበት ቀዳዳ ጀርም ይገባል። ማጅራት ገትር ያመጣል፤ ይገድላል። የምታውቂው ሰው አለ እንዴ?»

«የለም» አለች ፌኔት። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷን ጠላችው።

ወደ ቤት ሲሄዱ የሰማችውን ሁሉ ለሱአድ ነገረቻት። ሱአድም ስትቀመጥ ራሷን እንደሚፈልጣት፣ ስትተኛ እንደሚቀልላት፣ ጉሮሮዋ ውስጥ ጨው ጨው እንደሚላት አመነች። ሐኪም ቤት መሄድን ግን አልፈለገችም።

«ከሄድኩ በምን ወደቅሽ ይሉኛል። አባትሽስ?»

ፌኔት ሱአድን ቤቷ አድርሳ ወደ ገበያው ወረደች።

የሱአድ እናት፣ አዴ ሸምሲያ፣ ጨርቃ ጨርቅ ሱቃቸው ውስጥ ለአንዲት ደንበኛ በኦሮምኛ ዋጋ እየነገሩ ነበር። ፌኔትን ሲያዩ «አካም ጅርታ፣ ልጄ?» አሏት። ደንበኛዋ እስክትወጣ ጠበቀች። ከዚያ ሞተሩን፣ ድንጋዩን፣ ከአፍንጫ የሚወርደውን ሁሉ ተናገረች።

«የነዳሁት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ።

አዴ ሸምሲያ የያዙትን ጨርቅ ሳያጥፉ ባንኮኒው ላይ ጣሉና የሱቁን በር ዘጉ።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ ሱአድን ወደ ፊት አስጎንብሳ ከአፍንጫዋ የሚወርደውን በትንሽ ብልቃጥ ተቀበለች። የራስ ቅል ምስሉም አንጎልንና አፍንጫን በሚለየው አጥንት ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አሳየ። ሐኪሟ እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ በእረፍት እንደሚደፈን፣ ካልተደፈነ ግን ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልግ ነገረቻቸው። ሱአድ ራሷን ከፍ አድርጋ እንድትተኛ፣ እንዳትናፈጥ፣ ሽንት ቤት ስትቀመጥም እንዳታምጥ ታዘዘች።

ሦስት ቀን ሙሉ ፌኔት ልትጠይቃት ስትመጣ ሱአድ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በአራተኛው ቀን የሒሳብ ደብተር አምጪልኝ አለቻት። በሰባተኛው ቀን አፍንጫዋ ደረቀ፤ ሐኪሟ አስጎንብሳ አየቻት፣ ምንም አልወረደም።

አዴ ሸምሲያ ፌኔትን እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሸኟት።

«ለአባትሽ እኔ አልነግርም» አሉ። «መንገሩ ያንቺ ነው።»

አቶ ሞረዳ ከገጠር ተመልሰው በረንዳው ላይ ጭቃ የያዘ ጫማቸውን እየፈቱ ነበር። እንደ ልማዳቸው ሱአድ እንዴት እንደሆነች ጠየቁ። ፌኔት ደህና ናት ብላ ማለፍ ትችል ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ያለችው ይህንኑ ነው።

«ተሽሏታል፣ አባ» አለች። «ግን ደረጃ ላይ አይደለም የወደቀችው።»

እጃቸው የጫማው ማሰሪያ ላይ ቆመ። ፌኔት በርጩማ ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች።