አራት ጭረቶች በዓሣው ገንዳ ላይ

ጡረተኛው መምህር ሳሎናቸውን ከሞላው የዓሣ ገንዳ ሥር በጀርባቸው ተንጋለዋል። ጭንቅላታቸው የገንዳውን ማቆሚያ ብረት መትቷል። አጠገባቸው አንድ እግሯ የወለቀ በርጩማ ተገልብጣለች፤ በቀኝ እጃቸው ደም የነካው ምላጭ ይዘዋል። ዓሦቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

ሳጅኑ ነገሩን ጨርሶታል። «ገንዳው ላይ የበቀለውን አረንጓዴ አልጌ ሲፍቁ በርጩማዋ ከዳቻቸው። እሷ ደግሞ የዚህ ናት» አለና በካቴና የታሰረውን ገንዳ አጽጂ በአገጩ አመለከተ። «እግሯ እንደሚወልቅ እያወቀ ትቷት ሄደ። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው፤ ዓመታት ያስቀጣዋል።»

መርማሪዋ መነጽሯን አወጣች። አመሏ ነው፤ ሰው «አለቀ» ሲላት ነው የምታወጣው። መጀመሪያ የሟቹን ጣቶች አንድ በአንድ አየች። ቁስል የለባቸውም። ከዚያ የገንዳውን ግድግዳ አየች። አልጌው አረንጓዴ ነጠብጣብ ሆኖ ድርቅ ብሎ ተጣብቋል፤ በመሃሉ አራት አዲስ ጭረቶች አሉ። በጥፍሯ ዳበሰቻቸው። ከሟቹ የሸሚዝ ኪስም ጠርዙ የተበላ አሮጌ የፕላስቲክ ካርድ አወጣች።

«ትናንት እዚህ ነበርክ?» አለችው አጽጂውን።

«አዎ። ዛሬ ልጨርስ ብዬ ዕቃዬን እዚሁ አሳደርኩ። ጋሼን በርጩማዋ ላይ እንዳይወጡ ነግሬያቸዋለሁ። እባክዎ፣ እናት የሌላቸው ልጆች አሉኝ፤ ከትምህርት ቤት የሚያመጣቸው እንኳ ከእኔ ሌላ የለም።»

«ይሄን ግትር አልጌ በምን ታስለቅቀዋለህ?»

«እዚህ ቤት በካርድ። ሌላ ጋ በምላጭ። የወንድማቸውን የዶክተርንም ክሊኒክ ገንዳ በምላጭ ነው የማጸዳው።»

የሟቹ ባለቤት ጓዳ ተቀምጠው ነበር። «ገንዳውን ነክተውት ያውቃሉ፣ እትዬ?» አለቻቸው መርማሪዋ።

«አንዴ በሽቦ ልፈትገው ብዬ ሳምንት ሙሉ አኩርፎኛል» አሉና ሳቃቸው መጥቶ እንባ ሆነባቸው።

«ከወንድማቸውስ ጋር ሰላም ነበሩ?»

«የአባታቸው ቤት ይሸጥ እያለ ታናሹ ይጨቀጭቀዋል። እሱ ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ አለ።»

ታናሽ ወንድማቸው በር ላይ ቆሟል፤ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ጺሙ ረዥም፣ አውራ ጣቱ በፕላስተር የታሸገ። «ጧት ክሊኒክ ነበርኩ» አለ ሳይጠየቅ። «በዚህ ዕድሜህ መስታወት መፋቅ ይቅርብህ ብዬው ነበር። አልሰማኝም።»

«ጣትዎን ምን ነካዎት?»

«ጺሜን ስላጭ ነው።»

መርማሪዋ ጺሙን አየች። ከዚያም ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ይሄ ግድግዳ መስታወት አይደለም» አለች። «ወፍራም ፕላስቲክ ነው፤ ብረት ከነካው ይጫራል። ሟቹ ይህን ስለሚያውቁ ነው ካርድ በኪሳቸው የሚይዙት። አጽጂውም ያውቃል። እትዬም በኩርፊያ ተምረውታል። ስለዚህ ግድግዳውን በምላጭ ጭሮ፣ ምላጩን ለሬሳ ያስጨበጠው ይህን የማያውቅ ሰው ነው። አልጌ በምላጭ ሲፋቅ አይቷል፤ ያየው ግን ሌላ ቦታ ነው።»

ሁሉም ወደ ሐኪሙ ዞሩ።

«የክሊኒክዎ ገንዳ መስታወት ነው፣ ዶክተር። ይሄም መስሎዎት ነበር፤ ቅድም በአፍዎ ነገሩኝ። ምላጩን ከአጽጂው ሳጥን ሲያነሱ እጀታ የለውምና ቆረጠዎት። ስላጭ ነው አሉኝ፤ ይሄ ጺም ምላጭ ካየ ዓመቱ ነው። የሟቹ ጣቶች ደህና ናቸው፤ የምላጩ ደም የማን እንደሆነ ላቦራቶሪ ይነግረናል።»

ሐኪሙ ተቀመጠ። «አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት» አለ። «ሞቼ እገኛለሁ አለኝ፤ ገፋሁት። መሞቱን ሳይ ነው በርጩማዋን የገለበጥኳት።»

ሳጅኑ ቀና ብሎ ሳያይ ካቴናውን ከአጽጂው እጅ ፈታ። ባልቴቷ ጭረቶቹን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ «እነዚህ ይጠፋሉ?» ሲሉ አጽጂውን ጠየቁት።

«በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ተብሎ ይጠፋሉ፣ እትዬ።»

«ተዋቸው። አንተን ነፃ ያወጡህ እነሱ ናቸው።»

አጽጂው የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት አየ፤ ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ነው።

«ልጆቼ ሊወጡ ነው» አለና ዕቃውን እንኳ ሳይሰበስብ እየሮጠ ወጣ።