የአባቴ ድኩላ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ አዳማ ውስጥ ፍሪጅ እየጠገንኩ የምኖር፣ እሁድ እሁድ ቸርች የምሄድ ሰው ነኝ፣ ለመናፍስት ጊዜም የለኝ። ይሄኛውን ግን፣ እመነኝ፣ በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።

አባቴ አልጋ ከያዘ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ግራ ጎኑ አይታዘዘውም። ከመታመሙ በፊት ቡልቡላ አካባቢ አንድ ቀንደ ሰባራ ድኩላ አቁስሎ አምልጦት ነበር፣ በአዳኞቹ ደንብ ደግሞ ያቆሰሉትን ሳይጨርሱ መተው ነውር ነው፣ አውሬውም ማንም ይጣለው ማን፣ ግዳዩ መጀመሪያ ደሙን ላፈሰሰው ነው። ባለፈው ክረምት ይሄው ነገር ከነከነውና እህል አልቀምስም አለ። ጨነቀኝ። በቃ፣ እኔ እጨርስልሃለሁ አልኩት።

ጠብመንጃው የቅድመ አያቴ ነው፣ ባልጩቱ ብረት ሲመታ በሚፈነጥቀው እሳት የሚተኮስ፣ ሲተኩስ ትከሻ የሚያበልዝ። አንድ ጥይት አጉርሼ ከአባቴ የአደን ጓደኛ ከኦቦ ገመዳ ጋር በሐምሌ ዝናብ ሁለት ቀን ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ዞርኩ፣ በረዶው ወረደብን፣ ጣቶቼ ደነዘዙ።

"እንመለስ ልጄ፣ ባሩዱም ረጥቧል" አሉኝ።

"እርስዎ ይመለሱ፣ እኔ ሳልጨርስ አልገባም" አልኳቸው። ጥለውኝ አልሄዱም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ቀንደ ሰባራው ግራር ስር ቆሞ አገኘነው። አነጣጥሬ ሳብኩ፣ ቀጭ ብሎ ቀረ። እንደገና አቀባብዬ ሳብኩ፣ ቀጭ። እሳት የለ፣ ጭስ የለ።

ያኔ ከኋላችን ተተኮሰ። ድኩላው በጉልበቱ ወደቀ፣ አንድ የጎረነነ ድምፅም "አባ ቦራ!" ብሎ ፎከረ። አባ ቦራ አባቴ ግዳይ ሲጥል የሚፎክርበት የፈረስ ስሙ ነው። ዞርን፣ ማንም የለም።

ኦቦ ገመዳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ቤት ደውል" አሉኝ ቀስ ብለው።

ለእህቴ ደወልኩ።

"አባዬ ደህና ነው፣ እንዲያውም አሁን ገንፎ ስጡኝ አለ" አለችኝ። "ግን ቀኝ ትከሻው በልዟል፣ ጠዋት ልብሱን ስቀይርለት ምንም አልነበረም፣ ከአልጋም አልወረደም። ምን ነክቶት ይሆን?"

ሰባራውን ቀንድ ይዤለት ገባሁ። ዳበሰው፣ ዳበሰውና "ዝናቡ ግን አንዘፈዘፈን፣ አይደል?" አለኝ።

አሁን ደህና ይበላል። ጠብመንጃውን አጽዳው ይለኛል በየቀኑ። ያጎረስኩት ጥይት እዚያው እንዳለ በዘንግ ነክቼ አረጋግጫለሁ፣ የጀመርኩትን የማልተው ሰው ነኝ፣ እሱን ለማውጣት ግን እጄ እምቢ አለኝ።