ለባየች ልጅ ምስክር

«ገለምሶ ሄጄ ምን ልሠራ ነው?» አለች ሳህሊቱ።

እናቷ ዘርፈሽዋል ቀና ብላ አላየቻትም። የሳህሊቱን ቀሚስ አጣጥፋ ዘንቢሉ ውስጥ ትከታለች። «አክስትሽ ናፍቃሻለች። ሰኞ ጠዋት በአብዱረዛቅ መኪና ትሄጃለሽ።»

«ትምህርት ሳይዘጋ?»

«አንድ ሳምንት ቢቀርብሽ ሊቅ ሳትሆኚ አትቀሪም።»

ሳህሊቱ ጠረጠረች። ባለፈው ዓመት ትኩሳት ይዟት እንኳ «ትምህርት አይቀርም!» ብላ ከአልጋ የጎተተቻት እናት ዛሬ እንዲህ ደግ የሆነችው በጤናዋ አይደለም። ትናንት ደግሞ አቶ ሽፈራው ስኳር አስይዞ ቤታቸው መጥቶ ነበር። እሷ ስትገባ ወሬው ቀጥ አለ። አቶ ሽፈራው የአባቷ የኃይሉ አሠሪ ነው፤ አባቷ በሱ መጋዘን ቡና ይመዝናል። አሠሪ የሠራተኛውን ቤት በስኳር የሚጠይቀው መቼ ነው?

በማግስቱ ነገሩን ለጓደኛዋ ለማሚቴ ነገረቻት። የማሚቴ አባት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለሆነ አሰበ ተፈሪ ውስጥ ማን ማንን እንደከሰሰ ማሚቴ ሳታውቅ አታድርም።

«ሸወዱሽ!» አለች ማሚቴ። «ሰኞ እኮ የባየች ክርክር የሚሰማበት ቀን ነው።»

ባየች ጎረቤታቸው ናት። ነፍሰ ጡር ሳለች ባሏ አምባው ሞተባት። የወለደቻትም ሴት ልጅ አልቆየችላትም። አሁን የአምባው ወንድም፣ ያው አቶ ሽፈራው፣ «ልጅቷ ሞታ ነው የተወለደችው፤ የወንድሜ ወራሽ እኔ ነኝ» ብሎ የሟቹን ወፍጮ ሊወስድ ተነሥቷል። ወፍጮው ከሄደ ባየች ሰው ቤት ተቀጥራ ማደሯ ነው።

«አባቴ እንደሚለው» አለች ማሚቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «በአዲሱ ሕግ ሕፃን ሁለት ቀን ሙሉ በሕይወት ከቆየ አባቱን ይወርሳል። ከዚያ ቢሞት እናቱ ትወርሰዋለች። ሞቶ ከተወለደ ግን ምንም የለውም።»

«የተወለደበትን ቀን የሚጽፍ የለም?»

«መዝገብ ይከፈታል ይላል ሕጉ። እዚህ የት አለ? ያለው የሰው አፍ ነው።»

ሕፃኗ በተወለደች በሦስተኛው ቀን ትንፋሿ ሲያጥር፣ ባየች አራስ ቤት ሆና በአጥር ላይ የጠራችው ሳህሊቱን ነው። ሳህሊቱም ሰማንያ ቀኗ ሳይጠበቅ ሕፃኗን ታቅፋ ቤተ ክርስቲያን ሮጠች። ሽማግሌው ቄስ አጠመቋት፤ የክርስትና ስምም አወጡላት፤ ክርስትና ያነሳቻት ሳህሊቱ ናት። ማተቡ ሲታሰር ሕፃኗ አልቅሳለች። የሞተችው ማታ ነው። ቄሱም ቆይተው አሰቦት ገዳም ወጡ፤ በዚያው አረፉ። አሁን ያን ቀን ያየ ምስክር የቀረው እሷ ብቻ ናት።

መጠርጠር አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ባየችንም ጠረጠረቻት። ያን ሁሉ ሴት ትታ እኔን የጠራችው ለዛሬ አስባ ይሆን? ወዲያው ግን አፈረች። ልጇ እጇ ላይ እየሞተች ስለ ወፍጮ የምታስብ እናት የለችም።

ማታ እናቷን ፊት ለፊት ጠየቀቻት። «እማዬ፣ የምትልኪኝ ምስክር እንዳልሆን ነው?»

ዘርፈሽዋል በሩን ዘጋች። «ዋሺ ማን አለሽ? ዝም በይ ነው ያልኩሽ። ዝም አይነቅዝም። አባትሽ ከመጋዘኑ ቢባረር ማን ያበላናል? የባየችን ጎጆ አቆማለሁ ብለሽ የኛን አታፍርሺ።»

ሳህሊቱ ወደ አባቷ ዞረች። ኃይሉ ጫማውን እያወለቀ ነበር። አንዱን አውልቆ ሌላውን ሳያወልቅ ቆየ። ከእናቷ ቁጣ ይልቅ ያስፈራት የሱ ዝምታ ነው።

ሰኞ ጠዋት የአብዱረዛቅ መኪና ጭነቱን ጨርሶ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል።

«ያ ኢንተላ! አንቺ ልጅ!» አለ አብዱረዛቅ በመስኮቱ ብቅ ብሎ። «ውጪ እንጂ! ምን ይገትርሻል?»

ሳህሊቱ ዘንቢሉን አቀበለችው። «ለአክስቴ አድርስልኝ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ትምህርት አለኝ» አለች። ዋሸች። መንገዱን ተሻግራ ወደ ፍርድ ቤቱ ሄደች።

ባየች ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ ብቻዋን ቆማለች። በሌላው በኩል ሽፈራው አለ፤ ከኋላው ካሰለፋቸው ሠራተኞች መካከል አባቷ ኃይሉ ቆሟል። ሳህሊቱ ተመልሳ ልትወጣ አሰበች።

«ክቡር ዳኛ» ይላል ሽፈራው፣ «ልጅ ልጅ ይባላል እንጂ ልጅ አልነበረም። ስም እንኳ ያልወጣለት ነገር ነው።»

ባየች አንገቷን ደፋች። ዳኛው ወደ እሷ ዞረው፣ «ምስክር አለሽ?» አሏት። ባየች ዙሪያዋን አየች።

ሳህሊቱ ሕዝቡን ገፍታ ወደፊት ወጣች። አባቷ ቀና ብሎ አያት፤ ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አልቻለችም። ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች።

«አስካለ ማርያም ትባላለች።»